የነዳጅ ጌጅ ሲዋሽ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጥፋቱን የምትለዩበት መመሪያ

የነዳጅ ጌጅ፣ ማለትም ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጁን መጠን የሚያሳየው፣ ሲበላሽ መኪናው አይቆምም። ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ ይገባል፣ ፍሬኑ ይይዛል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ቆይቶ ይታያል» እያለ ወራት የሚያሳልፈው። አዳማ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚንቀሳቀስ ሰው እውነትም ያን ያህል አያስቸኩልም ይሆናል። ወደ መተሐራ፣ ወደ አሰላ ወይም በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሀል ላይ ቤንዚን አልቆ ጠርዝ ይዞ መቆም እንግልት ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ ደግሞ ጌጁ የማይሠራ ሰው ዛሬ መሰለፍ እንዳለበት እንኳ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን በከንቱ የሚወጣው ገንዘብ ነው። የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። መጀመሪያ ሴንሰር ይገዛል። ካልሠራ ፓምፑ ከነቤቱ ይቀየራል። አሁንም ካልሠራ ዳሽቦርዱ ይፈታል። መጨረሻ ላይ ጥፋቱ አንድ የዛገ ብሎን ሆኖ ይገኛል። ከ1 ሜትር ባልበለጠ ሽቦና በአንዲት ትንሽ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን በልክ የምትገታ ዕቃ) ጥፋቱ ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ነው ወይስ ከሰልባቲዮው ውጭ የሚለውን በደቂቃዎች ውስጥ መለየት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መለየት፣ ቀጥሎ መፍታት፣ መጨረሻ ላይ መግዛት ነው። መመሪያው የተጻፈው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ጌጁ እንዴት ይሠራል?

ሰልባቲዮው ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ያየ ሰው ይሄንንም አየው ማለት ነው። ነዳጅ ሲጨመር ከፍ ይላል፣ ሲቀንስ ይወርዳል። ተንሳፋፊው በቀጭን የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ተሰክቷል። የክንዱ ሌላ ጫፍ በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ሰሌዳዋ ላይ ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ነገር፣ አለ። ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሴንሰር ይባላሉ። ከሴንሰሩ አንድ ሽቦ ወደ ዳሽቦርድ ይሄዳል፤ ይሄ የሲግናል ሽቦ ይባላል። ሌላው ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ መኪናው አካል ይሄዳል።

እንግዲህ ጥፋት በዋናነት የሚኖረው አራት ቦታ ነው፦ ሴንሰሩ፣ ሽቦውና ሶኬቱ፣ ማሳው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ።

አንድ ነገር ያዙልኝ። በቶዮታዎች ላይ ሰልባቲዮው ሲሞላ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ሲጎድል ይጨምራል። በቆየው ዓይነት ሙሉ ሲሆን 3 ኦም (ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ ነው) አካባቢ፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም አካባቢ ነው። በኋላ በመጡ ብዙ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ሙሉው 15፣ ባዶው 410 አካባቢ ነው። ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። ብዙ የአውሮፓ መኪናዎች በተቃራኒው ባዶ ሲሆኑ 10፣ ሲሞሉ 180 ኦም ገደማ ያሳያሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው በቶዮታ አቅጣጫ ነው። የእናንተ መኪና ተቃራኒው ከሆነ ውጤቱን ገልብጣችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ምልክቱን አንብቡ

መሣሪያ ከመያዛችሁ በፊት ጌጁን ጥቂት ቀን በጥሞና ተከታተሉት። አበለሻሸቱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

የጌጁ ቀስት (ጠቋሚው) ሁልጊዜ ባዶ ላይ ከተኛ የኤሌክትሪኩ መንገድ የሆነ ቦታ ተቋርጧል ወይም ተንሳፋፊው ሰምጧል ማለት ነው። የተበጠሰ ሽቦ፣ የወለቀ ሶኬት፣ የጠፋ ማሳ ወይም ነዳጅ ገብቶበት የሰመጠ ተንሳፋፊ ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ሙሉ ላይ ከቆመ ደግሞ የሲግናሉ ሽቦ ልባሱ ተልጦ የመኪናውን አካል ነክቷል፣ ወይም ክንዱ ላይኛው ቦታ ላይ ተይዟል።

ከሙሉ እስከ ግማሽ ልክ እያሳየ ከዚያ በታች የሚዘል ወይም የሚጠፋ ከሆነ ሰሌዳዋ ተበልታለች። በዚህ ምልክት ላይ ብዙ መጠራጠር አያስፈልግም። ሁልጊዜ ጥቂት ጥቂት እየቀዳ የሚነዳ ሰው ክንዱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሚያመላልሰው ሰሌዳዋ እዚያው ላይ ትሳሳለች።

ቁልፍ ብቻ ሲከፈት ልክ አሳይቶ ሞተር ሲነሳ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ማሳውን ጠርጥሩ። በብዙ መኪና ላይ ፓምፑና ሴንሰሩ አንድ ማሳ ይጋራሉ። ማሳው ከዛገ ፓምፑ የሚስበው ኃይል የሴንሰሩን ንባብ ያዛባዋል። የፊት መብራት ሲበራ ጌጁ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ የዳሽቦርዱን ማሳ እዩ።

የሙቀት ጌጁም አብሮ ከተሳሳተ ሰልባቲዮውን አትንኩት። ሁለቱ የሚጋሩት ዳሽቦርዱን ነው። በቆዩ መኪናዎች ዳሽቦርዱ ውስጥ ለጌጆቹ የሚሄደውን ቮልት የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ አለ። እሱ ሲበላሽ ሁለቱም ጌጆች በአንድ ጊዜ ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ።

ብልሽት የሚመስሉ ግን ብልሽት ያልሆኑም አሉ። ከደራ ወደ ኢተያ ስትወጡ ዳገቱ ላይ ነዳጁ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጌጁም ለጊዜው ይለዋወጣል። ዘንበል ባለ ቦታ ስታቆሙም እንዲሁ ነው። ቁልፍ ሳይዘጋ ነዳጅ ከተቀዳ ብዙ መኪናዎች ጌጁን ቶሎ አያስተካክሉም። ይሄ የሚሆነው ኮምፒውተሩ ነዳጁ ሲወዛወዝ ቀስቱ እንዳይዘል ሆን ብሎ ስለሚያዘገየው ነው። ስለዚህ ማደያ ስትገቡ ቁልፉን ዝጉ። ለነገሩ ለደኅንነትም ግዴታ ነው። የላይኛው ግማሽ ቀስ ብሎ፣ የታችኛው ግማሽ ፈጠን ብሎ የሚያልቅ መምሰሉም የሰልባቲዮው ቅርጽ የሚያመጣው ነው።

በቆዩ ቶዮታዎች ላይ የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ። የነዳጅ ማስጠንቀቂያ መብራቱ በብዙዎቹ ከተንሳፋፊው ጋር አይገናኝም፤ ሰልባቲዮው ግርጌ ላይ የራሱ ትንሽ ሴንሰር አለው። ስለዚህ ጌጁ ግማሽ እያለ መብራቱ ከበራ መብራቱን እመኑት። በአዳዲሶቹ ግን መብራቱም ጌጁም የሚያነቡት ከአንድ ሴንሰር ስለሆነ አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉ።

የምትፈልጉት ዕቃ

መልቲሜትር፣ ማለትም ቮልትና ኦም የሚለካ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። ርካሹም ይበቃል። ካቻቪቴ፣ ትንንሽ መፍቻዎች፣ ናስትሮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ 1 ሜትር ያህል ሽቦ ያዙ። በተጨማሪ 22 ኦም ሬዚስተር ግዙ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሱቆች ጋ ይገኛል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሁለቱ እግሮቹ ላይ አጫጭር ሽቦ አያይዙና እንዳይነካካ በናስትሮ ጠቅልሉት። ለምን ቀጥታ ሽቦ ብቻ እንዳልበቃን ወደታች ታያላችሁ።

ስለ ቤንዚን ጥንቃቄ

ይሄን ክፍል የሚዘል ሰው ባይጀምረው ይሻላል። የሚነደው የቤንዚን ጢስ፣ ማለትም ትነቱ፣ ነው፤ ጢሱ ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉድጓድ ውስጥና መኪና ሥር ይከማቻል። ስለዚህ ቤንዚን መኪና ሰልባቲዮ ጉድጓድ ላይ ቆሞ አይከፈትም። ከቤት ውጭ፣ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ሥር ይከፈታል።

አዳማ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል። ሙቀት ሰልባቲዮው ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፣ ጢሱንም ያበዛል። ሥራውን ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ሥሩ። ከምንም በፊት የነዳጅ መክደኛውን ከፍታችሁ ግፊቱ ይውጣ። ሰልባቲዮው ከሩብ በታች ሲሆን ይመረጣል። ሙሉ ሰልባቲዮ ሲከፈት ነዳጁ ወንበር ሥር ይፈስሳል።

ሲጋራ የለም። ከሰል ምድጃ በአካባቢው የለም። ግቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ቡናው እስኪያልቅ ጠብቁ። አምፖል ያለው የሥራ መብራት አትጠቀሙ፤ ወድቆ ቢሰበር ያቀጣጥላል። ዱቄት የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ያም ሆኖ ተመሳሳይ ጥንቃቄ አይጎዳም።

አሁን ወደምንሄድበት የሬዚስተር ሙከራ ስንመጣ ሰልባቲዮው አይከፈትም። ሙከራው ከላይ ባለው ሶኬት ላይ ነው። የቤንዚን ሽታ ካለ ወይም እርጥበት ካያችሁ ግን ሙከራውንም አትጀምሩ፤ መጀመሪያ የሚያንጠባጥበው ቦታ ይፈለግ።

1ኛ ደረጃ፦ ፊውዝ

የመኪናችሁን የፊውዝ ሳጥን ክዳን አዙሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉ እዚያ አለ። የጌጅ ወይም የሜትር ፊውዙን አውጡና እዩ። ሌሎቹ ጌጆችና የማስጠንቀቂያ መብራቶች የሚሠሩ ከሆነ ፊውዙ ደህና የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ከተቃጠለ በተመሳሳይ ቁጥር ቀይሩት፤ ከፍ ባለ አይደለም። ደግሞ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ ማለትም ሽቦ ያለቦታው ተነካክቷል።

2ኛ ደረጃ፦ ሶኬቱን ማግኘት

በብዙ የቤት መኪናዎች ላይ የኋላ ወንበር መቀመጫው ሲነሳ ክብ ወይም ሞላላ ክዳን ይታያል። በትንንሽ ብሎን ወይም በሚያጣብቅ ጥቁር ማሸጊያ ተይዟል። ክዳኑ ሲነሳ የሰልባቲዮው አናትና ሶኬቱ ይታያሉ። ክዳኑን ከማንሳታችሁ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ አጽዱት። የወንጂና የገጠር መንገድ አቧራ እዚያ ይተኛል።

ቤንዚን በኢንጀክሽን (በግፊት እየተረጨ) የሚሠራ መኪና ከሆነ ሶኬቱ ላይ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሽቦ ታያላችሁ። ወፍራሞቹ ሁለቱ የፓምፑ ናቸው። አትንኳቸው። ቀጫጭኖቹ የሴንሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሲግናል፣ አንዱ ማሳ። በቆዩ ካርቡሬተር መኪናዎች ላይ ሴንሰሩ ለብቻው ሆኖ አንድ ሽቦ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ያን ጊዜ ማሳው የሰልባቲዮው አካል ራሱ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ የሬዚስተር ሙከራ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

ቁልፍ ዝጉ። ሶኬቱን ንቀሉ። ሞተር ሳታስነሱ ቁልፍ ክፈቱና ጥቂት ጠብቁ። ቀስቱ ባዶ ላይ መሆን አለበት። ሶኬቱ ተነቅሎም ሙሉ ላይ ከቆመ ሽቦው ከሰልባቲዮ እስከ ዳሽቦርድ ባለው መንገድ ላይ አካል ነክቷል፣ ወይም ጌጁ ራሱ ተይዟል። ሴንሰር መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ቀጥሎ ቁልፍ ዝጉ። ከመኪናው በሚመጣው የሶኬት ወገን ላይ በሲግናሉና በማሳው ሽቦ መካከል 22 ኦሙን ሬዚስተር አገናኙ። ቁልፍ ክፈቱ። አንድ ሰው ዳሽቦርዱን ይመልከትላችሁ። በቆየው ዓይነት ቶዮታ ላይ ቀስቱ ከግማሽ አልፎ ይወጣል። በአዲሱ ዓይነት ላይ ወደ ሙሉው ይጠጋል። በቆዩት ላይ የጌጁ ቀስት በሙቀት ስለሚንቀሳቀስ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ቀስቱ ከወጣ ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ማሳውና ዳሽቦርዱ ሁሉም ደህና ናቸው። ጥፋቱ ሴንሰሩ ነው። ካልወጣ ሴንሰሩ ምናልባት ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከሰልባቲዮው ውጭ ነው።

ብዙ መካኒክ ይሄንን ሙከራ በቀጥታ ሽቦ ነው የሚሠራው። በቆየ መኪና ላይ ለአፍታ ከሆነ ችግር የለውም። በአዲስ መኪና ላይ ግን ያሳስታል። ዜሮ ኦም ሲያይ ኮምፒውተሩ «ይሄ ሾርት ነው» ብሎ ቀስቱን ባዶ ላይ ሊተወው ይችላል። ሠሪው ደግሞ ጌጁ የሞተ ይመስለውና ዳሽቦርድ ያስገዛችኋል። ሬዚስተሩ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ማሳ

በሬዚስተሩ ቀስቱ ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው ወደ ዳሽቦርድ አትሂዱ። ሬዚስተሩን ከሲግናሉ ሽቦ ወደ ንጹሕ የመኪና ብሎን ወይም በረጅም ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ አገናኙት። አሁን ቀስቱ ከወጣ የጎደለው ማሳ ብቻ ነበር።

የማሳውን ሽቦ ተከትላችሁ የታሰረበትን ብሎን ፈልጉ። ፍቱት፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አጽዱት፣ መልሳችሁ አጥብቁት፣ እንዳይዝግ ከላዩ ላይ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቀቡት። ብሎኑ ካልተገኘ አዲስ የማሳ ሽቦ ጎትታችሁ በጠንካራ ብሎን እሰሩ። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። የጌጅ ችግር ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ «ማሳ አይተሃል?» የምለው ለዚህ ነው።

ማሳው ደህና ከሆነና ቀስቱ አሁንም ካልተነሳ መልቲሜትሩን ወደ ቮልት አዙሩ። ቁልፍ ተከፍቶ በሲግናሉ ሽቦና በማሳ መካከል ቮልት መኖር አለበት። በአዳዲሶቹ 5 ቮልት አካባቢ፣ በሌሎቹ እስከ ባትሪው ቮልት ድረስ ሊሆን ይችላል። በቆየው ዓይነት ላይ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ቢልም አትደንግጡ። ፍጹም ዜሮ ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ጌጁ አይልክም።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተቀይሮ የገቡ መኪናዎች፣ በተለይ ቪትዞች፣ እዚህ ላይ ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። መሪው ሲቀየር ሽቦዎች ተቆርጠው ተቀጥለዋል። ቅጥሉ በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለ ዓመታት ሲያልፉ ይላላል። መንገድ ላይ ጉብታ ስታልፉ ጌጁ ከጠፋና ከመጣ የዳሽቦርዱን ኋላ የሽቦ ቅጥል አስመርምሩ።

5ኛ ደረጃ፦ ሴንሰሩን ሳታወጡ ለኩት

ሬዚስተሩ ሴንሰሩን ከወነጀለው አንድ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይቀራል። መልቲሜትሩን ወደ ኦም አዙሩና በሰልባቲዮው በኩል ባሉት ሁለት ቀጫጭን እግሮች ላይ ለኩ። ቁጥሩ ካላችሁ ነዳጅ ጋር ይሄዳል? ሩብ ያህል ነዳጅ እያለ መልቲሜትሩ ምንም ካላነበበ ሰሌዳዋ ተቋርጣለች። አንድ ሰው መኪናውን ከጎን ወደ ጎን ያወዛውዘው። ቁጥሩ ቀስ ብሎ ከተለዋወጠ ጤና ነው። ድንገት እየጠፋ ከመጣ ሰሌዳዋ ቆሽሻለች ወይም ተበልታለች።

አዳዲስ መኪናዎች ላይ ስካነር ያለው ጋራዥም ያግዛል። ከP0460 እስከ P0464 ያሉት ኮዶች የነዳጅ መጠን ሴንሰር ኮዶች ናቸው። ኮዱ ግን «መስመሩ ላይ ችግር አለ» ነው የሚለው፤ «ሴንሰር ቀይር» አይልም። ኮድ ታይቶ ዕቃ ሲታዘዝ «ማሳውና ሽቦው ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

6ኛ ደረጃ፦ ሴንሰሩን ማውጣት

በኢንጀክሽን መኪና ላይ መስመሩ ውስጥ ግፊት አለ። ሶኬቱ እንደተነቀለ ሞተሩን አስነሱት፤ ያለ ፓምፕ ጥቂት ሠርቶ ራሱ ይጠፋል። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። የቱቦዎቹን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፎቶ ሰልባቲዮው ከተከፈተ በኋላ አይነሳም።

የቱቦዎቹ ፕላስቲክ መያዣዎች ሙቀት ያደርቃቸዋል፤ በጉልበት ስትስቧቸው ይሰበራሉ። ጨርቅ ከሥር አድርጋችሁ በቀስታ አላቁ። የሚያስረው ትልቅ የፕላስቲክ ቀለበት ከሆነ በእንጨት ገፋ ገፋ እያደረጋችሁ አዙሩት። ብረት በብረት አትምቱ፤ ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው። ትንንሽ ብሎኖች ከሆኑ ተራ በተራ ፍቱ። የነበረበትን አቅጣጫ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ስታወጡት አዘንብሉት፤ ቀጥ አድርጋችሁ ከጎተታችሁት ክንዱ ይታጠፍና አዲስ ችግር ይሆናል። ቀዳዳውን ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

ሚኒባሶችና ፒክአፖች ላይ ከላይ መግቢያ ላይኖር ስለሚችል ሰልባቲዮውን ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ያ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ግቢ ውስጥ በክሪክ ብቻ አትሞክሩት። አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ግን ሰልባቲዮው ከሻንሲው ጎን ስለሆነ ሴንሰሩ ላይ መድረስ ቀላል ነው።

7ኛ ደረጃ፦ በእጃችሁ ላይ ያለውን መመርመር

ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ተቀድዷል። የናስ ተንሳፋፊ ሲቀደድ ልበየድ የሚል አይጠፋም። በፍጹም አይሆንም። ውስጡ የቀረው ጢስ ሊፈነዳ ይችላል። ይቀየራል።

መልቲሜትሩን አገናኝታችሁ ክንዱን ከታች ወደ ላይ በጣም ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት። ቁጥሩ ሳይዘል መውረድ አለበት። የሚጠፋበት ቦታ ካለ ሰሌዳዋን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጥቁር ቆሻሻ ብቻ ከሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ወይም ንጹሕ አልኮል በጥጥ ነክራችሁ ጥረጉት። ነዳጅ ውስጥ ያለ ድኝ የብር ንክኪዎችን ያጠቁራል፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ በጽዳት ይድናል። ብርጭቆ ወረቀት እዚህ ላይ አትጠቀሙ። ሰሌዳዋ ላይ ያለው ሽፋን እጅግ ስስ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም። የሚንሸራተቱት ጣቶች ከላሉ በጣም በጥቂቱ ወደ ሰሌዳዋ ጫን አድርጓቸው። መስመሯ ተበልቶ ከታየ ግን ጊዜ አታጥፉ።

ሁሉም ጤነኛ ከሆነና ጌጁ ዝቅተኛውን ብቻ ከሳተ ሰልባቲዮውን ከሥር እዩ። ድንጋይ ወይም ጉብታ መትቶት ወደ ውስጥ ከገባ ክንዱ እስከ ታች አይወርድም።

ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የክንዱ ርዝመትና እጥፋት፣ የሶኬቱ እግሮች፣ ከሁሉም በላይ የኦሙ መጠን መመሳሰል አለበት። መልቲሜትራችሁን ይዛችሁ ሱቁ ውስጥ ለኩት። «ወንድም፣ ከመክፈሌ በፊት ልለካው» ማለት ነውር አይደለም። 110 የሚፈልግ መኪና ላይ 410 ቢገባ ጌጁ ሰልባቲዮው ሳያልቅ ባዶ ይላል። ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ ለብቻው ስለሚገኝ ፓምፑ ጤነኛ ከሆነ ከነቤቱ ግዙ ቢሏችሁ አትቸኩሉ።

8ኛ ደረጃ፦ መመለስ

የጎማ ማሸጊያ ቀለበቱን አዲስ አድርጉት። አሮጌው ቤንዚን ጠጥቶ ስለሚያብጥ ቦታው ላይ በትክክል አይቀመጥም። በሲሊኮን ልሸፍነው አትበሉ፤ ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይላላል፣ ቁርጥራጩም ፓምፑን ይዘጋል። በምልክቱ መሠረት አስገቡ፣ ክንዱ ግድግዳ እንደማይነካ አረጋግጡ፣ ቱቦዎቹ «ቀጭ» ብለው መያዛቸውን በመሳብ ፈትሹ።

ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ባትሪውን አገናኝታችሁ ሞተሩን አስነሱና ዙሪያውን እዩ። እርጥበት ካለ ወዲያው አጥፉ። ከዚያ ሙሉ ቀድታችሁ ደግማችሁ ፈትሹ፤ ማሸጊያው የሚፈተነው ሰልባቲዮው ሲሞላ ነው። ከላዩ ላይ የሚቀመጡት ልጆቻችሁ ናቸውና መኪናው ውስጥ የቤንዚን ሽታ ከመጣ ምንም ቢሆን አትንዱት።

ጥፋቱ ዳሽቦርዱ ከሆነ

ዳሽቦርድ ለሙያተኛ ነው። ከኋላው ያሉ ሶኬቶችን ነቅሎ መልሶ መሰካት፣ በቆዩት ላይ ጌጁን የሚያስሩትን ትንንሽ ዳዶዎች ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በሌሎቹ ላይ የተሰነጠቀ ብየዳ ይኖራል፤ ጥሩ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ያድሰዋል። ያገለገለ ዳሽቦርድ ከመቀየር መጀመሪያ ይሄን ሞክሩ፤ ከሌላ መኪና የመጣ ዳሽቦርድ የሌላ መኪና ኪሎ ሜትር ይዞ ይመጣል።

ጌጁ እስኪሠራ፣ ከተሠራም በኋላ

ዕቃው እስኪገኝ ድረስ ኪሎ ሜትር ተጠቀሙ። ሰልባቲዮውን ሙሉ ቅዱ፣ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉ። ስትነዱ ቆይታችሁ መልሳችሁ ሙሉ ቅዱና ማደያው ፓምፕ ላይ የወጣውን ሊትር ጻፉ። ለምሳሌ 390 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 30 ሊትር ከገባ መኪናችሁ በ1 ሊትር 13 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። 45 ሊትር የሚይዝ ሰልባቲዮ ካላችሁ ሁሉንም አትቁጠሩ። 10 ሊትሩን ለክፉ ቀን ተዉና በ35 ሊትር አስሉ። ሰልባቲዮውን ማራቆት ለቤንዚን መኪና ፓምፑን ይጎዳል፤ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በከበበው ነዳጅ ነው። ናፍጣ መኪና ደግሞ ካለቀበት መስመሩ አየር ይይዛል፤ ነዳጅ ብትጨምሩም አየሩ ሳይወጣ አይነሳም።

ጌጁ ከተሠራ በኋላም ይሄንኑ ሒሳብ አንድ ጊዜ ድገሙት። የማስጠንቀቂያ መብራቱ እንደበራ ማደያ ግቡና ፓምፑ ራሱ እስኪቆም ሙሉ አስቀዱ። የገባውን ሊትር የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው የሰልባቲዮ መጠን ቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር መብራቱ ሲበራ በእጃችሁ ያለው ነዳጅ ነው፤ በብዙ አነስተኛ መኪናዎች ከ6 እስከ 8 ሊትር ይሆናል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ የፀሐይ መከላከያው ጀርባ ላይ ለጥፉት፤ መኪናውን የሚዋስ ሰውም ያየዋል።